የለንደኑ ሚሌኒየም ድልድይ፦ ቀላል የእግር ግፊት 7 ሴንቲሜትር ውዝዋዜ የሆነበት ጉዳይ

ጁን 10 ቀን 2000 ለንደን ውስጥ፣ ቴምስ ወንዝ ላይ፣ አዲስ የእግረኞች ድልድይ ተከፈተ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በከተማዋ እምብርት ከ100 ዓመት በላይ እንዲህ ያለ አዲስ መሻገሪያ አልተሠራም ነበርና ሰዉ ግልብጥ ብሎ ወጣ። በዚያ አንድ ቀን ከ80 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሰው እንደተሻገረ ተገምቷል። በጣም በተጨናነቀበት ሰዓት ድልድዩ ላይ 2 ሺህ ያህል ሰው ነበር።

ከዚያ ወለሉ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መሄድ ጀመረ። ወደ ላይና ወደ ታች አልነበረም፤ ወደ ጎን ነው። አንዳንዱ መደገፊያውን ጭብጥ አድርጎ ያዘ። አንዳንዱ ባለበት ቆመ። የቀረው እንዳይወድቅ እግሩን ከፈት እያደረገ መራመድ ያዘ። መካከለኛው ክፍል ላይ የንዝረቱ ስፋት 7 ሴንቲሜትር ገደማ ደረሰ። እዚህ ላይ የንዝረት ስፋት የምለው ወለሉ ከእረፍት ቦታው ወደ አንድ ጎን የሚርቀውን ርቀት ነው። አክስለሬሽኑ፣ ማለትም የወለሉ ፍጥነት የሚለዋወጥበት መጠን፣ ደግሞ የመሬት ስበት ሩብ ያህል ሆነ። የሰዉን ቁጥር እየገደቡ ቢሞክሩም አልሆነም። ጁን 12 ድልድዩ ተዘጋ።

ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፦ ሰዎቹ እኩል ረገጡ፣ ሬዞናንስ ተፈጠረ፣ ድልድዩ ተወዛወዘ። ሬዞናንስ ማለት ግፊቱ ከዕቃው የራሱ የመወዛወዝ ምት ጋር ሲገጥም ንዝረቱ መጉላቱ ነው። ይህ አባባል ዋናውን ነገር ያስቀራል ባይ ነኝ። ሰው ሲራመድ ወደ ጎን የሚገፋው በጣም ጥቂት ነው። ወደ ታች የሚገፋው ከዚያ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ታዲያ ትልቁ ግፊት ድልድዩን ሳይነቀንቀው ትንሹ እንዴት ነቀነቀው? መልሱ ያለው ሃርሞኒክ (ምን እንደሆነ ከታች እናየዋለን) እና የንዝረት ስፋት በሚገናኙበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን ቀስ ብለን እንየው።

ድልድዩ እንደ ክር

ድልድዩን የነደፉት አሩፕ የተባለው የምህንድስና ድርጅት፣ የኖርማን ፎስተር የሥነ ሕንፃ ቢሮ እና ቀራፂው አንቶኒ ካሮ ናቸው። ወጪው 18.2 ሚሊዮን ፓውንድ ነበር። በሦስት ይከፈላል፦ ሰሜኑ 81 ሜትር፣ መካከለኛው 144 ሜትር፣ ደቡቡ 108 ሜትር። የወለሉ ወርድ 4 ሜትር ነው።

ድልድዩ ተንጠልጣይ ነው፤ ሲያዩት ግን አይመስልም። የተለመደው ተንጠልጣይ ድልድይ ረጃጅም ምሰሶና ወደ ታች የረገበ ኬብል አለው። የዚህ ድልድይ ኬብሎች ግን በወለሉ ግራና ቀኝ አራት አራት ሆነው፣ ቀጥ ብለው ተወጥረው ያልፋሉ። 144 ሜትር በሚረዝመው ክፍል ላይ የሚረግቡት 2.3 ሜትር ብቻ ነው። ነዳፊዎቹ ከወንዙ በላይ ያለውን እይታ ላለመዝጋት ሲሉ ነው እንዲህ ያደረጉት። ውበቱም ጣጣውም እዚህ ላይ ነው ያለው። እንዲህ የተወጠረ ነገር ወደ ጎን ሲንቀሳቀስ ጠባዩ የክር ጠባይ ይሆናል።

ክራር የሚጫወት ሰው ይህን በጣቱ ያውቀዋል። የተወጠረ ክር የራሱ የሆነ ድግግሞሽ አለው፤ ድግግሞሽ ማለት በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ነው፣ የሚለካውም በሄርዝ ነው። አንድ ብቻ ሳይሆን ብዙ አለው፦ መሠረታዊው፣ የእሱ ሁለት እጥፍ፣ ሦስት እጥፍ፣ እያለ ይቀጥላል። ሃርሞኒክ የምንላቸው እነዚህን ነው። እያንዳንዱ ሃርሞኒክ የራሱ የንዝረት ቅርፅ አለው። በመጀመሪያው ቅርፅ ክሩ በሙሉ አንድ ላይ ወደ አንድ ወገን ይነፋል። በሁለተኛው ግን ክሩ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ግማሽ ወደ ግራ ሲሄድ ሌላው ወደ ቀኝ ይሄዳል። መሐሉ ላይ ያለው ነጥብ ጭራሽ አይንቀሳቀስም።

አሁን ክሩን ልክ መሐሉ ላይ ሳብ አድርጋችሁ ልቀቁት። ሁለተኛው ሃርሞኒክ አይነሳም፤ ምክንያቱም የነካችሁት ቦታ የእሱ የማይንቀሳቀስ ነጥብ ነው። ሦስተኛው ይነሳል፣ ስፋቱ ግን ከመጀመሪያው አንድ ዘጠነኛ ብቻ ነው። ክሩን ከጫፉ ሩብ ርቀት ላይ ብትስቡት ደግሞ ሁለተኛው ብቅ ይላል፤ ስፋቱም የመጀመሪያውን ሲሶ ያህል ይሆናል። ክሩ ያው ነው፣ ጣቱም ያው ነው። የትኛው ሃርሞኒክ ምን ያህል ስፋት እንደሚያገኝ የወሰነው ግፊቱ ያረፈበት ቦታ ነው።

ወደ ድልድዩ እንመለስ። የመካከለኛው ክፍል የመጀመሪያው የጎን ንዝረት ድግግሞሽ 0.5 ሄርዝ ገደማ ነው። በሁለት ሰከንድ አንድ ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው። ሁለተኛው 0.95 ሄርዝ ገደማ ነው። ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው፤ ልክ እንደ ክር። የደቡቡ ክፍል 0.8፣ የሰሜኑ ደግሞ 1 ሄርዝ አካባቢ ነው። እነዚህን ቁጥሮች ያዙልኝ። ሁሉም 1 ሄርዝ ወይም ከዚያ በታች ናቸው።

አንድ እርምጃ ውስጥ ያለው

ሰው በተለመደ አካሄዱ በሰከንድ 2 ጊዜ ገደማ ይረግጣል። ወደ ታች ያለውን ግፊት ብንለካ ግራ እግርም ቀኝ እግርም አንድ ዓይነት ሥራ ነው የሚሠሩት። ስለዚህ ግፊቱ በሰከንድ ሁለት ጊዜ ይደጋገማል። መሠረታዊ ድግግሞሹ 2 ሄርዝ ሆነ ማለት ነው። እርምጃ የተስተካከለ ሞገድ ስላልሆነ ከዚያ በላይ 4፣ 6 እያሉ የሚሄዱ ሃርሞኒኮች ይከተሉታል። በስፋት ግን እየቀነሱ ይሄዳሉ።

ወደ ጎን ሲሆን ነገሩ ይለያል። ግራ እግር ሰውነትን ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ቀኝ እግር ወደ ግራ። ዑደቱ የሚሞላው ሁለት እርምጃ ሲጠናቀቅ ነው። ስለዚህ የጎን ግፊቱ መሠረታዊ ድግግሞሽ 1 ሄርዝ ይሆናል፣ የሌላው ግማሽ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ በጣም ደስ ይለኛል። የግራና የቀኝ እርምጃ የጎን ግፊት የአንዱ ተገላቢጦሽ ሌላው ነው። መጠኑ እኩል፣ አቅጣጫው ተቃራኒ። እንዲህ ያለ ሞገድ ሲተነተን የሚገኘው ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ሃርሞኒኮች ብቻ ነው፦ 1፣ 3፣ 5 ሄርዝ። ወደ ታች ያለው ግፊት ደግሞ ተጋማሾቹን ይወስዳል፦ 2፣ 4፣ 6። አንድ ሰው፣ አንድ አካሄድ፤ ግን ሁለቱ አቅጣጫዎች ሃርሞኒኮቹን ተከፋፍለዋቸዋል። የሚያነክስ ሰው ሲሆን ይህ ክፍፍል ይፋለሳል፤ በደህናው አካሄድ ግን ይሠራል።

አሁን መጠኑን እንይ። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 700 ኒውተን ገደማ ክብደት አለው። ወደ ታች ያለው የመጀመሪያው ሃርሞኒክ የዚህ 40 በመቶ ያህል፣ 280 ኒውተን ገደማ ነው። ወደ ጎን ያለው የመጀመሪያው ሃርሞኒክ 25 ኒውተን ገደማ ነው። 2.5 ኪሎ ዕቃ የሚመዝነውን ያህል ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ለእግረኛ ድልድይ የሚሠራበት የእንግሊዝ ደረጃ፣ ቢኤስ 5400፣ የንዝረት ስሌቱ ወደ ላይና ወደ ታች ያለውን የሚመለከት ነበር። ይገባኛል። ትልቁ ግፊት ያለው እዚያ ነውና ዓይን ወደዚያ ይሄዳል። ነገር ግን የንዝረት ስፋት የሚለካው በግፊቱ መጠን ብቻ አይደለም።

ከ5 ማይክሮሜትር እስከ 58 ሚሊሜትር

የሰሜኑን ክፍል እንውሰድ። በኋላ በወጡ ጥናቶች ላይ የመጀመሪያው የጎን ንዝረቱ ግትርነት፣ ማለትም ሲገፉት የሚቋቋምበት መጠን፣ 4.7 ሚሊዮን ኒውተን በሜትር ተብሎ ይገኛል። 25 ኒውተን ይዘን መሐሉን ዝም ብለን ብንገፋው ስንት ይንቀሳቀሳል? 5 ማይክሮሜትር ገደማ፤ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ ነው። ማንም ሰው አይሰማውም።

ያንኑ 25 ኒውተን በትክክለኛው ድግግሞሽ፣ በ1 ሄርዝ፣ ወደ ግራና ቀኝ ብንገፋ ግን ስፋቱ ይባዛል። በስንት እንደሚባዛ የሚወስነው ድልድዩ ንዝረቱን የማርገብ አቅሙ ነው። ይህ አቅም የሚለካው በመቶኛ ነው። 100 በመቶ ማለት የተገፋው ነገር ሳይወዛወዝ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል ማለት ነው። የዚህ ድልድይ አቅም ከ1 በመቶ በታች ነበር፤ ለሰሜኑ ክፍል 0.75 በመቶ ገደማ ልንወስድ እንችላለን። ብረት የበዛበት፣ ቀጭን፣ ንጹሕ አሠራር ያለው ድልድይ ጉልበት የሚያባክንበት ቦታ የለውም። 1ን ለ0.0075 ሁለት እጥፍ ስናካፍለው 67 እናገኛለን። ስለዚህ 5 ማይክሮሜትሩ 0.35 ሚሊሜትር ሆነ ማለት ነው።

ሦስተኛው ሃርሞኒክስ? ያው ሰው በ3 ሄርዝም ወደ ጎን ይገፋል ብለናል። ግፊቱ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው ብለን እንኳ እናስብ። ድልድዩ በ1 ሄርዝ የሚንቀሳቀስ ሆኖ በ3 ሄርዝ ሲገፋ፣ የሚያሳየው ስፋት ዝም ተብሎ ሲገፋ ከሚያሳየው አንድ ስምንተኛ ብቻ ነው። በአንድ በኩል 67 እጥፍ፣ በሌላ በኩል አንድ ስምንተኛ። እኩል ጉልበት ያላቸው ሁለት ሃርሞኒኮች የስፋት ልዩነታቸው ከ500 እጥፍ በላይ ሆነ። አንድ ሃርሞኒክ ግፊቱ ውስጥ መኖሩ ብቻውን ምንም አይነግረንም። ከዕቃው የራሱ ድግግሞሽ ጋር መግጠሙ ነው የሚነግረን።

አሁን ብዙ ሰው እንጨምር። 166 ሰው ይሁን፤ ለምን ይህን ቁጥር እንደመረጥኩ ቀጥሎ ይታያል። ሁሉም በየራሱ ቢራመድ የአንዱ ግፊት የሌላውን ያጣፋል። የሚቀረው በቁጥራቸው ካሬ ሩት ልክ ነው፤ 13 እጥፍ ገደማ። ያ 4.5 ሚሊሜትር ይሆናል። ሁሉም አንድ ላይ ቢገፉ ግን 166 እጥፍ፣ 58 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱንም ያሰላሁት ሁሉም ሰው ክፍሉ መሐል ላይ እንደቆመ አድርጌ ነው፤ ተበትኖ ሲሄድ ያንሳል። ቢሆንም ርቀቱ ይታያል። በ4.5 እና በ58 መካከል ያለው ነገር ነው ድልድዩን ያዘጋው።

166ኛው ሰው

ከተዘጋ በኋላ የአሩፕ መሐንዲሶች ነገሩን ከሥሩ ለማጥናት ተነሡ። ኢምፔሪያል ኮሌጅና ሳውዝሃምፕተን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወለሉ ወደ ጎን በሚንቀሳቀስ መድረክ ላይ ሰው አራመዱ። ከዚያ ድልድዩ ላይ ራሱ ሞከሩት። ሰሜኑ ክፍል ላይ ሰዎች እየዞሩ እንዲራመዱ አደረጉ፤ ቁጥራቸውን ጥቂት በጥቂት ጨመሩ።

እስከ 156 ሰው ድረስ ያን ያህል የሚያሳስብ ነገር አልታየም። 10 ሰው ተጨምሮ 166 ሲሆኑ ግን የወለሉ እንቅስቃሴ በፍጥነት እያደገ ሄደ። ሙከራው መቆም ነበረበት።

ይህን ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። ከ156 ወደ 166 ያለው ጭማሪ 6 በመቶ ነው። በተለመደው የሬዞናንስ ስሌት ግፊት በ6 በመቶ ሲጨምር ስፋትም ቢበዛ በ6 በመቶ ነው የሚጨምረው። እዚህ ግን ነገሩ ከዚያ ሕግ ውጪ ወጣ። የሆነ ደፍ አለ። ከደፉ በታች ድልድዩ ዝም ይላል፤ ከደፉ በላይ ስፋቱ በራሱ ጊዜ ያድጋል።

ምክንያቱን ያገኙት ከልኬቱ ነው። እግረኛው ወደ ጎን የሚገፋው ጉልበት ቋሚ አይደለም። ወለሉ በፈጠነ ቁጥር ይጨምራል፤ አቅጣጫውም ወለሉ ከሚሄድበት ጋር ይስማማል። በልኬታቸው መሠረት አንድ ሰው ለእያንዳንዱ የወለል ፍጥነት ሜትር በሰከንድ 300 ኒውተን ገደማ ይጨምራል። ወለሉ በሰከንድ 10 ሴንቲሜትር ቢሄድ 30 ኒውተን ነው።

ማርገብ ማለት የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚያረግብ ነገር ፍጥነትን ተከትሎ ወደ ኋላ ይጎትታል። እግረኛው ፍጥነትን ተከትሎ ወደፊት ይገፋል። ስለዚህ እያንዳንዱ የተጨመረ ሰው ድልድዩ ካለው የማርገብ አቅም ላይ ትንሽ ይቀንሳል። ድልድዩ ከመጀመሪያው ያለው ጥቂት ነው። የሆነ ሰው ሲገባ ሒሳቡ ዜሮ ይመጣል። ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ዑደት የሚገባው ጉልበት ከሚወጣው ይበልጣልና ስፋቱ ማደጉን አያቆምም። የሚያቆመው ሰዎቹ መራመድ ሲያቅታቸውና ሲቆሙ ብቻ ነው።

ያ ደፍ ከሦስት ነገሮች ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው፦ ከማርገብ አቅሙ፣ ከሚንቀሳቀሰው የድልድዩ ክብደት እና ከድግግሞሹ። የማርገብ አቅሙ እጥፍ ሲሆን ደፉም እጥፍ ይሆናል። ይህ በኋላ ለጥገናው ቁልፍ ሆኗል።

አሁን ወደ መካከለኛው ክፍል ልመልሳችሁ፤ ለእኔ የጉዳዩ ልብ ያለው እዚያ ነው። 7 ሴንቲሜትሩ የመጣው ከዝቅተኛው ንዝረት አይደለም። ከሁለተኛው ነው፣ 0.95 ሄርዝ ካለው፤ የእግረኛ የጎን ግፊት 1 ሄርዝ አጠገብ ስለሆነ። በዚህ ቅርፅ ግማሹ ክፍል ወደ ግራ ሲሄድ ግማሹ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው። መሐሉ ጸጥ ብሏል።

እስቲ ሰዎቹ በሙሉ እንደ ወታደር በአንድ ምት፣ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እያሉ ቢሄዱስ ኖሮ? በደቡቡ ግማሽ ያሉት ወደ ግራ ሲገፉ በሰሜኑ ግማሽ ያሉትም ወደ ግራ ይገፋሉ። አንዱ ንዝረቱን ሲያግዝ ሌላው እኩል ይቃወመዋል። ውጤቱ ዜሮ ነው። ሁለተኛው ንዝረት በወታደር ሰልፍ አይነሳም፤ ክራሩ መሐሉ ላይ ሲነካ ሁለተኛው ሃርሞኒክ እንደማይነሳ ሁሉ። እንግዲህ "ሁሉም እኩል ረገጡ" የሚለው ማብራሪያ ይህን ክፍል ፈጽሞ አያስረዳም። የሆነው ሌላ ነው። እያንዳንዱ ሰው የሚሰማው ከእግሩ ሥር ያለውን ወለል ብቻ ነው። ሚዛኑን የሚጠብቀው ከዚያ ወለል ጋር ነው። በአንዱ ግማሽ ያለው ሰው ከአንዱ ግማሽ ጋር፣ በሌላው ያለው ከሌላው ጋር። ማንም ምት አልሰጠም፣ ማንም አላዘዘም። ግፊቱ ግን የንዝረቱን ቅርፅ ይዞ ተደለደለ።

ማጠንከር ወይስ ማርገብ

ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ድልድዩን ማጠንከር ነው፤ ድግግሞሹን ከእግረኛ ግፊት አርቆ መውሰድ። ይህ ሲነገር ቀላል ይመስላል። ግን ድግግሞሽ የሚያድገው በግትርነቱ ካሬ ሩት ነው። 0.5 ሄርዙን ወደ 1.5 ለማድረስ ግትርነቱን 9 እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ያ ሌላ ድልድይ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ድግግሞሹን ትቶ የማርገብ አቅሙን መጨመር ነው። አሩፕ ይህን መረጠ። ግቡም ደፋር ነበር፦ ከ1 በመቶ በታች ከነበረው ወደ 15 እና 20 በመቶ። 20 በመቶ ሲሆን የሬዞናንስ ማባዣው ከ67 ወደ 2.5 ይወርዳል። ደፉ ደግሞ ከ20 እጥፍ በላይ ይርቃል።

37 ፈሳሽ ያላቸው ዳምፐሮች ተገጠሙ። ዳምፐሩ ፒስተን ያለው ሲሊንደር ነው። ፒስተኑ ሲንቀሳቀስ ወፍራም ፈሳሽ በጠባብ መንገድ ለማለፍ ይገደዳል፤ የንዝረቱ ጉልበት ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ችግሩ ዳምፐር እንዲሠራ ሁለት ጫፉ አንዱ ከሌላው ተለይቶ መንቀሳቀስ አለበት። ወንዝ መሐል ላይ ደግሞ የሚታሰርበት መሬት የለም። መፍትሔው ወለሉ ሥር የቪ ቅርፅ ያላቸውን ብረቶች መዘርጋት ሆነ። የድልድዩ አንዱ ክፍል ከጎረቤቱ ትንሽ ሲለይ ብረቶቹ ያንን ልዩነት ሰብስበው ዳምፐሩን ይስቡታል፣ ይገፉታል። ለንደን ያላችሁ አንባቢዎች ከቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ወደ ቴት ሞደርን ስትሻገሩ ወንዙ ዳር ወርዳችሁ ከወለሉ በታች ቀና ብላችሁ ተመልከቱ፤ ይህ ብረት ይታያል።

ከነዚህ በተጨማሪ 52 ሌሎች መሣሪያዎች ገቡ፤ ዋና ሥራቸው ወደ ላይና ታች ያለውን ንዝረት መቆጣጠር ነው። እነዚህ በስፕሪንግ ላይ የተቀመጡ ከባድ ብረቶች ናቸው። የራሳቸው ድግግሞሽ ከድልድዩ ጋር እንዲገጥም ተደርጎ ተስተካክሏል። ድልድዩ ሲንቀሳቀስ እነሱ በተቃራኒው ይንቀሳቀሳሉ፤ ጉልበቱን ይወስዱለታል። ሬዞናንስ ራሱ መድኃኒት ሆነ ማለት ነው። አጠቃላይ ሥራው 5 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ፈጀ።

ጃንዋሪ 30 ቀን 2002 ወደ 2 ሺህ ሰው ተጠርቶ ድልድዩ ላይ እንዲራመድ ተደረገ። ከመሬት ስበት 0.25 የነበረው አክስለሬሽን ከ0.006 አላለፈም። በ1 ሄርዝ ሲሰላ ይህ 1.5 ሚሊሜትር ስፋት ነው። ፌብሩዋሪ 22 ቀን 2002 ድልድዩ ዳግም ለሕዝብ ተከፈተ።

ከለንደን በፊትና በኋላ

ይህ ነገር ለንደን ላይ የተጀመረ አልነበረም። በ1975 ኒውዚላንድ ውስጥ የኦክላንድ ወደብ ድልድይ ሰላማዊ ሰልፈኞች ሲያልፉበት ወደ ጎን ተወዛውዟል፤ ድግግሞሹ 0.67 ሄርዝ ነበር። ጃፓን ውስጥ ደግሞ ከጀልባ እሽቅድምድም ስታዲየም የሚወጣ ሕዝብ የሚሻገርበት የእግረኞች ድልድይ በ0.9 ሄርዝ ይንቀሳቀስ ነበር። ዮዞ ፉጂኖና ባልደረቦቹ የሕዝቡን እንቅስቃሴ በቪዲዮ አጥንተው በ1993 አሳትመውታል። ዕውቀቱ ነበረ፤ የድልድይ ነዳፊዎች ጠረጴዛ ላይ ግን አልደረሰም። ይህ ያሳዝነኛል። አንድ ጽሑፍ በትክክለኛው እጅ ቢገባ ኖሮ ያ የጁን ቀን ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ክርክሩ በሰዎቹ ላይ ነው። በ2005 ስቲቨን ስትሮጋትዝና ባልደረቦቹ ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ እግረኞቹ ቀስ በቀስ ከድልድዩና እርስ በርስ ምት እየገጠሙ መሄዳቸውን በሒሳብ አሳዩ። በ2021 ደግሞ ኢጎር ቤሊክ፣ አለን ማክሮቢና ሌሎች ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ ላይ ሌላ ሐሳብ አቀረቡ። ለውዝዋዜው ምት መግጠም የግድ አያስፈልግም አሉ። ሰው እንዳይወድቅ እግሩን የሚያስቀምጥበትን ቦታ በየእርምጃው ያስተካክላል። ይህ ማስተካከል ብቻውን በአማካይ ድልድዩ ላይ ጉልበት ሊጨምር ይችላል። ምት መግጠም የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ስፋቱ ካደገ ወዲያ ነው። እኔ ወደዚህኛው አደላለሁ። አንደኛ፣ የሁለተኛውን ንዝረት ቅርፅ ያለ አንድ የጋራ ምት ያስረዳል። ሁለተኛ፣ የመካከለኛው ክፍል 0.5 ሄርዝ ንዝረትም በዚያ ቀን ታይቷል፤ በዚያ ድግግሞሽ ምት ለመግጠም ሰው በሰከንድ አንድ ጊዜ ብቻ መርገጥ ነበረበት፤ ያ መራመድ ሳይሆን መንፏቀቅ ነው።

ዛሬ የእግረኛ ድልድይ የሚነድፍ ሰው የጎን ንዝረትን ሳያሰላ አያልፍም። የእንግሊዝ ብሔራዊ መመሪያ ከ1.5 ሄርዝ በታች ያሉ የጎን ንዝረቶች እንዲፈተሹ ይጠይቃል። ፈረንሳይ በ2006 ያወጣችው መመሪያ ከ0.5 እስከ 1.1 ሄርዝ ያለውን የጎን ድግግሞሽ ከፍተኛ አደጋ ያለበት ብሎ ይመድበዋል፤ የጎን አክስለሬሽኑም ከ0.1 ሜትር በሰከንድ ካሬ እንዳያልፍ ያዛል። ይህ ገደብ በ0.5 ሄርዝ 1 ሴንቲሜትር ስፋት ነው። በ1 ሄርዝ ግን 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሁለተኛው ሃርሞኒክ ከመጀመሪያው በአራት እጥፍ ባነሰ ስፋት ገደቡን ይነካል፤ የለንደኑ መካከለኛ ክፍል ላይ ቀድሞ መታየት የነበረበትም እሱ ነው።